ውሃው ሞቀ

ልጅ ሳለሁ፣ ከልደታ ማርያም በታች በነበረው ግቢያችን፣ የአባቴ እህት እቴቴ ብርቄ አረቄ የሚያወጡት ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት ነበር፤ ጭሳችን ከጎረቤት ጭስ እንዲቀላቀል። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ እህል በራሽን ነው፤ አረቄ ማውጣት ያስከስስ ነበር። ወላጆቻችን ከሞቱ በኋላ ግን እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገን ያ ከእናታቸው የወረሱት ማሰሮ ነው።

ድፍድፉ እሳቱ ላይ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆው ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው የመዳብ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። እኛ በኩራዝ ብርሃን ተረት እንሰማለን። ውሃው ከሞቀ አረቄው ያመልጣልና እቴቴ የተረቱን ጅብ የፍየሏ በር ላይ አቁመው «ውሃው ሞቀ፣ ለውጪ!» ይሉኛል። ሮጬ እለውጣለሁ፤ ጅቡም እስክመለስ ይጠብቀኛል።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ካድሬ ሕፃናቱን አዳራሽ ሰብስቦ «ተረት የሚያውቅ አለ?» አለ። እጄን አነሳሁ። ጅቡን በሩ ላይ አደረስኩትና ድምፄን እንደ እቴቴ አጎርንኜ «ውሃው ሞቀ፣ ለውጪ!» አልኩ። የተረቱ አካል ይመስለኝ ነበር።

ልጆቹ ሳቁ። ካድሬው ግን «የምን ውሃ ነው?» አለ። በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ፈጠን ብሎ «ጓድ፣ የአረቄ ማውጫ ውሃ ነዋ!» ሲል መለሰ። እንዴት አያውቅ! በየሳምንቱ በጓሮ እየገባ፣ እቴቴን «እናቴ» እያለ፣ እሳታቸው ዳር ተቀምጦ ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው።

በማግስቱ መጣ። «አንቺ! ሕዝብ በሚራብበት ጊዜ እህል ታቃጥያለሽ?» ብሎ ጮኸባቸው። «እናቴ» ባለበት አፉ «አንቺ»! ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ማሰሮውን ደጃፋችን ላይ ከሰከሰው። የመዳቡን ዕቃ «ማስረጃ ነው» ብሎ ወሰደ፤ የሞላውን ጠርሙስ ግን ምንም ሳይል ኮቱ ውስጥ ከተተው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት።

እቴቴ አልተቆጡኝም። በዚያው ምሽት እህቴ ተረት ብላ ስታለቅስ ጀመሩላት፤ ጅቡን እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ አቆሙት። እኔም እንደ ልማዴ ጣሳዬን ይዤ ተነሳሁ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። ተረቱን አልጨረሱትም።

አሁን የልጅ ልጅ አለችኝ። ያን ተረት ስነግራት «ውሃው ሞቀ» የሚለውን አልዘለውም። «የምን ውሃ ነው?» ስትለኝ፣ የእቴቴን ማሰሮ ማን እንደሰበረውና ማን ሲጠጣበት እንደኖረ፣ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ።