የእሮብ ፍርፍር ለምን ጣፈጠ?

አማቴ ዛሬ እራት ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ማኘክ ጀምረው ድንገት አቆሙና አፈጠጡብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፍርፍር ምን ገብቶበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?"

ዛሬ እሮብ ነው፣ ጾም። እኛ ቤት ደግሞ የጾም ምግብ ከጣፈጠ ምርመራ ይጀመራል።

"ዘይት ብቻ ነው እማዬ" አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ከለገሃር ካዛንቺስ እስክደርስ ልጆቹ ርቧቸው ጠበቁኝ። ሽንኩርት አቁላልቼ፣ የትናንቱን ሽሮ ከፍሪጅ አውጥቼ ገለበጥኩበትና ድርቆሽ ፈረፈርኩበት። በቃ።

ከዛ ትዝ አለኝ። ትናንት የሠራሁት ሁለት ሽሮ ነው፦ ለልጆቹ በቅቤ፣ ለዛሬ በዘይት። ሁለቱንም ያስቀመጥኩት በአንድ ዓይነት የአይስክሬም ዕቃ ነው። (ጎበዝ ነኝ አይደል? ለነገሩ ጉንፋን ይዞኝ ምንም አይሸተኝም።)

ሮጬ ፍሪጁን ከፈትኩ። የቀረው ሽሮ ላይ የረጋ ቅቤ ጠብታ እንኳ የለም! ፍርፍሩ ላይ የገለበጥኩት የቅቤውን ነው።

ልናዘዝ ስመለስ የአማቴ ሳህን ባዶ ነው። ባሌ ስልኩ ውስጥ ተደብቋል።

"እማዬ፣ ያ ዘይት ያልኩዎት..."

"ዘይት ብለሻል፣ ዘይት ነው!" አቋረጡኝ። አፋቸውን ጠረግ አደረጉና፣ "አርብም ከዚሁ ዘይት አድርጊበት።"

እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ሴትየዋ ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቁት።

እናንተስ ቤት እንዲህ አውቆ የሚበላ አለ? ምን አደረጋችሁ? ቶሎ ንገሩኝ፣ አርብ ከነገ ወዲያ ነው።