ቢጫው ብልቃጥ

አባቴ ብቸና ውስጥ ብር አንጥረኛ ነበር። ሞጣ ተድሬ ከመጣሁ ወዲህ ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለልጄም ጭምር። ባሌ ያውቅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ምስጢሬን እንደጠበቀ ሞተ። እህቱም ታውቃለች። እሷ በሰው ፊት ቃል አትተነፍስም፤ ነገር ግን እኔ ከማዕድ ስቀርብ የራሷን ምግብ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። አንጥረኛ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ይባላላ። አንገቷ ላይ ያለው የብር መስቀል ከአንጥረኛ እጅ መውጣቱ ግን አስፈርቷት አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምታጠናው ልጄ ለፋሲካ መጣች። ዘመድ ለማዕድ ተሰብስቦ ሳለ ሥራዋን በስልኳ አሳየችን። አርጎን የሚባል ጋዝ በመስታወት ቱቦ ያልፋል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ሐምራዊ ሆኖ ይበራል። ፕላዝማ ይሉታል። ያ ብርሃን የብር ጨው የሟሟበትን ውሃ ሲነካው፣ ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች ይወለዳሉ።

«መውለዱስ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መጠናቸውን መቆጣጠር ነው» አለች። «ኤሌክትሪኩን ካበዛሁት እየተጣበቁ ያድጉና ውሃው ይጠቁራል። በልኩ ስይዘው ግን ይኸው።» ቢጫ ውሃ የያዘ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች። ለዚህ የበቃችው አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠቁርባት ከርሞ ነው።

የባሌ እህት እኔን እያየች፣ «ውይ የኔ ልጅ! ብር ማቅለጡን ደግሞ ከማን ወረስሽው?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ የገባው ለእኔና ለእሷ ብቻ ነው።

ልጄም እየሳቀች፣ «ከማን ይሆን እማዬ?» አለችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለምጄዋለሁ። ብልቃጡን አየሁና፣ «ከአያትሽ» አልኩ። «ብቸና ብር አንጥረኛ ነበር።»

የልጄ ፊት ተለዋወጠ። «እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?» አለች፤ ተቆጥታለች። ከዚያ ደግሞ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «እሳቱን እንዴት ነበር የሚቆጣጠረው?»

«ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ» አልኳት። «‹ቀስ› ሲለኝ ቀስ አደርጋለሁ።»

የባሌ እህት እጇን ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሰደደች።

«ይሸፍኑት እትዬ» አልኩ፣ «ይቀዘቅዝብዎታል።»

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር አላልኳት። ከበዓሉ በኋላ ግን ከልጄ ጋር ብቸና እንወርዳለን። ወናፉ ወንድሜ ቤት አለ። ልጄ በገዛ እጇ ልትነፋው ትፈልጋለች።