ወንድሜን ያስጠናሁት መልስ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልጆቻቸውን «ዋ! እሷን እንዳልጠራት!» እያሉ የሚያስፈራሩ እናቶች አሉ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ ወንድሜን ያሳደግኩትም በዚሁ ቁጣዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ልጁ ተለወጠብኝ። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ድስት ውስጥ ይከድነዋል። ታክሲ ውስጥ ያሉ ሰዎች ስለ እሱ እንደሚያወሩ ይነግረኛል። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «አቤት!» ብሎ ተነሳ። ማንም አልጠራውም ነበር። ክው አልኩ።

ልደታ ማርያም ሰባት ቀን ጸበል አስጠመቅኩት። ልቡ ትንሽ ረጋ፣ ድምፁ ግን አልተወውም። የንስሐ አባታችን ራሳቸው፣ «ልጄ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ውሰጂው» አሉኝ። አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ደግሞ በአንድ ሐኪም ቤት ስለሚካሄድ ጥናት ነገረን። የወጣቶችን አንጎል ኤም.አር.አይ. በሚባል ማሽን ያነሳሉ። ኮምፒውተሩ ከዚህ በፊት ከታመሙና ካልታመሙ ሰዎች የአንጎል ምስል ተምሯል፤ ሕመሙ ሳይጠና ማንን እንደሚያሰጋው ለመገመት ይሞክራል።

ደስ አለኝ፤ ግን ደግሞ ፈራሁ። እኛ ሰፈር አንዴ «እብድ» የተባለ ሰው፣ እሱ ቢድን ስሙ አይድንም። ሥራ ማን ይሰጠዋል? ሚስትስ? ስለዚህ እንደ ማትሪክ አስጠናሁት! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት።

«ድምፅ ትሰማለህ?»

«አልሰማም።»

«ሰዎች ይከታተሉኛል ትላለህ?»

«አልልም፣ እትዬ።»

«ጎበዝ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ለሰው ስተርት የኖርኩ ሴት ነኝ እኮ!

የቀጠሮው ቀን ቀበቶውንና የአንገቱን መስቀል አውልቆ ሰጠኝና ማሽኑ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ዶክተሯ ጥያቄዎቿን ጀመረች። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። አልሰማም፤ ማንም አይከታተለኝም፤ እንቅልፌ ደህና ነው። አንዲትም አልሳተም።

በሳምንቱ ስንመለስ ዶክተሯ፣ «ኮምፒውተሩ ምስሉንና መልሶቹን አንድ ላይ ነው የሚያየው። እርግጡን ማወቅ ባይቻልም፣ ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር አላሳየም» አለችን። በሆዴ እልል አልኩ።

በር ላይ ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ማሽኑ አንጎልህ ደህና ነው ካለ፣ የሚጠሩኝ ሰዎች በእውነት አሉ ማለት ነው?»

እግዚኦ! ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? ያተረፍኩት መስሎኝ በገዛ እጄ ገደል አፋፍ ላይ አቁሜዋለሁ። እጁን እየጎተትኩ ተመለስኩ። «ዶክተር፣ ውሸት ነው! ሁሉንም ያስጠናሁት እኔ ነኝ!» ብዬ አለቀስኩ። እኔ ብሆን ሰማይ ምድሩን ነበር የማናጋው፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። «ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ነው፤ ደግሞም ብቻውን አይፈርድም» አለችና ወደ እሱ ዞረች። «አሁን አንተ ንገረኝ።»

እኔን ውጪ አስቀመጡኝ። እሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራ። ያን ያህል የሚያወራው ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር። ሲወጣ፣ «መልሴን አስተካክለናል። ‹አጠገቡ ቁጡ እህት ተቀምጣ ነበር› ብላችሁ ጻፉበት ብያቸዋለሁ» አለኝ። ካሾፈብኝ ወራት አልፈው ነበር። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ክትትል ጀመረ። በየሳምንቱ ያነጋግሩታል፤ እኔንም አብረው ያስተምሩኛል። አንዳንድ ሳምንት ከአልጋው አይነሳም፤ አንዳንዱን ደግሞ ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። ዘንድሮ ትምህርቱን ቀጥሏል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ተክለ ሃይማኖት እየሄድን ነው። ታክሲው ጢም ብሏል። ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ እየሰማሁ ነው» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ድሮ ቢሆን እግሩን እረግጠው ነበር።

«ምን ይልሃል?»

«ስሜን ይጠራል።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም። ላንቺ ነገርኩሽ።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወርደንም ወደ ሐኪም ቤቱ የሚሄድ ታክሲ ያዝን።