የኮምባይነሩ ጥያቄ

በታናሽ ወንድሜ እቀናለሁ። ማንም አይጠረጥረኝም፤ መቅናት ያለበት እሱ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። እኔ በነጻ የትምህርት ዕድል ቱርክ አገር ፖለቲካል ሳይንስ ስማር፣ እሱ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ከሳጉሬና ከኢተያ ስንዴ እየገዛ አሰላ ላይ ይነግዳል። እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የኔን ፎቶ ታሳያለች፤ እሱን ሻይ ታስመጣዋለች።

ለማስተርሴ መመረቂያ የመረጥኩት ርዕስ የአርሲ ገበሬዎች የማሳ ድንበር ጠባቸውን ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሽምግልና እንዴት እንደሚፈቱ ነበር። አማካሪዬ ቁርጡን ነግሮኛል፤ በሦስት ሳምንት የሴሚስተር ዕረፍት ውስጥ አሥራ አምስት ሰው አነጋግሬ ካልተመለስኩ አልመረቅም። የተሰጠኝ የትምህርት ዕድልም በዚያው ያበቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት በከንቱ አለቀ። ሳጉሬ አጠገብ አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ገባሁ፤ ድምፅ ለመቅዳት ስልኬን አስቀመጥኩ፤ ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን የፈቃደኝነት ቅጽ አወጣሁና "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አልኳቸው። ስለ መሬት ላወራ መጥቼ፣ ገና ከመቀመጤ ፊርማ! ሰውዬው ቅጹን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ፣ እኛ ጋ ጠብ የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ሰላም ነው" አሉኝ በኦሮምኛ።

ወተት አጠጥተው ሸኙኝ። ከዚያም አራት ቤት እንዲሁ ወተት እየጠጣሁ ወጣሁ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱ ሥራውን ጥሎ፣ በሞተሩ ከኋላው አስቀምጦ እዚያው አዛውንት ቤት ወሰደኝ። ገና ከግቢው በር ስንደርስ ስሙን እየጠሩ ወጡ። ስለ ከብቱ፣ ስንዴውን ስለመታው ዋግ፣ አዳማ ስለሚማረው ልጃቸው አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ አይቸኩልም። የኔ ኦሮምኛ የከተማ ነው፤ የሱ እነሱ ጓሮ ያደገ ይመስላል። ከዚያ እንደ ዋዛ "አባቴ፣ ዘንድሮ ኮምባይነሩ በማን ማሳ አቋርጦ ገባ?" አላቸው።

በቃ፣ ወሬው ተከፈተ። ለካ ያ የስንዴ ማጨጃ ባለፈበት ሁሉ የድንበር ምልክት ይፋቃል። ማን ቀድሞ ያሳጭድ፣ ማን መንገድ ይስጥ በሚል ስንት ጎረቤት ተኳርፏል፣ ስንት ሽማግሌ ተቀምጧል። አዛውንቱ እስከ ዐሥር ሰዓት አወሩ። ጎረቤታቸውንም አስጠሩና እሱም የጎደለውን ሞላ። ልንነሣ ስንል ወንድሜ ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣና "ይቺ ለእህቴ ትምህርት ናት" አለ፤ እየሳቁ ፈረሙ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ስንት ዓመት ያነበብኩት ያልከፈተልኝን በር እሱ በአንድ ጥያቄ ሲከፍተው፣ እኔ ጥግ ይዤ ማስታወሻ ጻፍኩ። ስንመለስ "እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ምንም አይልም" አልኩት። አሥራ አምስቱም ሰዎች የተገኙት በዚያች ጥያቄ ነው።

ቱርክ ተመልሼ ስጽፍ ኮምባይነሩ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ወጣው። አማካሪዬ አንብቦ "ይህን መጠየቅ እንዴት መጣልሽ?" አለኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

"ያደግኩበት አገር ነው" አልኩት።

በጣም አደነቀኝ። ያ አድናቆት ደስ አሰኘኝ፤ ለማንም ላካፍለው አልፈለግኩም። የምስጋናውን ገጽ ስጽፍ አማካሪዬን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች፣ አብራኝ የኖረችውን ናይጄሪያዊት አመሰገንኩ። የወንድሜንም ስም ጻፍኩት። ትንሽ አየሁትና አጠፋሁት። ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው፤ ይቺ እንኳ የኔ ብቻ ትሁን አልኩ። ደግሞም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር፣ ምኑን ያውቀዋል?

ተመርቄ ስመለስ የመመረቂያ ጽሑፌን የተጠረዘ ቅጂ ይዤ መጣሁ። እናቴ በእልልታ ተቀበለችኝ። ወንድሜ ከመጋዘን መጥቶ እጁን ታጠበና መጽሐፉን በሁለት እጁ ያዘ። ጥቂት ገልጦ ምስጋናው ላይ ቆመ። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም፤ ግን ልጅነቱን ሙሉ ኦሮምኛ የተማረው በቁቤ፣ በዚያው በላቲን ፊደል ነው፤ ስም ማንበብ አያቅተውም። ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ጣቱን መስመር በመስመር እያስኬደ የአማካሪዬን ስም፣ የጓደኛዬን ስም አንድም ሳይስት አነበበ። ሲጨርስ፣ ይቀጥል እንደሆነ ብሎ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። ከዚያ ተመለሰ።

"ቦታ አጥሮሽ ነው፣ አይደል?" አለኝ፣ እናታችን እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከገጹ ግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ጣቱ እዚያው ባዶው ላይ ነው።

"አዎ" አልኩት።