ቀድሞ የተጻፈው ዜና ዕረፍት

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ አሶሳ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጋዜጠኛ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ የቢሮው ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

እኔ የፓዌ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት በሕይወት ያለን ሰው ሞት ማንሳት ሟርት ነው። አለቃዬ ግን ዜና ዕረፍት እንዴት እንደሚዘጋጅ ሲያስተምረኝ፣ «የታወቀ ሰው ሲታመም ታሪኩ ቀድሞ ይሰበሰባል። ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፤ ማን ይጠብቅሻል?» አለኝና ወደ ሼህ ሐምዳን ላከኝ። ሼህ ሐምዳን ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው የበርታ ተወላጅ፣ የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። ታመዋል።

ለምን እንደመጣሁ ለመናገር አፈርኩ። የት ተወለዱ፣ ንግድ እንዴት ጀመሩ እያልኩ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ሳቁብኝ።

«ለሞቴ ነው የመጣህ?» አሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ጻፍ። ሙሳንም ጻፍ። ልጄ ነው፣ ተጣላን፣ ድንበር ላይ፣ ኩርሙክ ሄደ። ስልክ አያነሳም። አባትህ ወላሂ ይቅር ብሏል በል።»

 ከሞቱ በኋላ ቢሰማው ለሙሳ ምን ይጠቅመዋል? አለቃዬን ለምኜ ታሪካቸው በሕይወት እያሉ በጠዋቱ ፕሮግራም እንዲነበብ አስፈቀድኩ። ትውልዳቸውን፣ ንግዳቸውን፣ ልጆቻቸውን በስም አነበብኩ። በመጨረሻም ለሙሳ ያሉትን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! በእኛ ዘንድ የሽማግሌ ታሪክ ከነትውልዱ ከነልጆቹ የሚነበበው ሲሞት ነው። ለሙሳ የተላከውማ ለአድማጮቹ ኑዛዜ መሰላቸው። ከስቱዲዮ ሳልወጣ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ይላል ሁሉም። አልሞቱም ብል ማን ይስማኝ! ባጃጅ ይዤ ወደ ቤታቸው በረርኩ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶች ያለቅሳሉ። በቃ፣ በሟርቴ ገደልኳቸው አልኩ። ሼህ ሐምዳን ግን በረንዳ ላይ አልጋ አስወጥተው ለቀስተኛውን አንድ በአንድ እየጨበጡ ያመሰግናሉ። ባለቤታቸው ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩብኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ልሂድ ብዬ እነሣለሁ፤ ሙሳም ሰምቶ ይሆናል ብዬ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ከሞተር ሳይክል ወርዶ እያለቀሰ ገባ። አባቱን በረንዳው ላይ ሲያይ ባለበት ቆመ።

ሼህ ሐምዳን እጃቸውን ዘርግተው በበርታኛ አንድ ነገር አሉት። ጎረቤታቸው ተረጎመልኝ፦ «ቀብር የለም። ምሳ አለ፤ ና ብላ።»

ክረምቱ ሲወጣ ሼህ ሐምዳን የእውነት አረፉ። ዜናውን ከማንበቤ በፊት ለማረጋገጥ የደወልኩት ለሙሳ ነበር።

«እውነት ነው» አለኝ። «የመጨረሻ ውሃ እኔ ነኝ ያጠጣሁት።»

የታመመ ሰው ቤት ታሪክ ልሰበስብ ስሄድ አሁንም እግሬ ይከብደኛል። ያን ጠዋት መልሰው ቢሰጡኝ ግን ከፊደሉ አንድ ሳላስቀር አነበው ነበር።