የጠፋው የካራቴ መጽሐፍ

እስከ ትናንት ድረስ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ... የባለቤቴን የካራቴ መጽሐፍ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ጀማል ግን ወንድሜ ሰረቀኝ እንዳለ ሞተ።

ሐርጌሳ ገና ከጦርነት ፍርስራሿ የምትነሳበት ጊዜ ነበር። ጀማል የልስን ባለሙያ ነው፤ ሥራ በሽ ነው ሲባል ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግረን መጥተን መሐመድ ሞጌ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየን። ልጃችን ኢክራም ገና ጡት አልጣለችም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የቻይና ፊልም ያይና፣ ሲመለስ ሲሚንቶ በነካው ሱሪው ግቢ ውስጥ አየር ይራገጣል። ቪዲዮ ቤት ሴት አይገባም። እኔ ፊልሙን ያየሁት በእሱ እግር ነው ማለት ይቻላል።

አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ በየገጹ አራት አራት ሥዕል በመስመር የተደረደረበት። ያኔ የአማርኛ ፊደል አላውቅም፤ ቁርአን ግን ቀርቻለሁ፤ ማንበቡን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እሱ ሥራ ሲሄድ የቆርቆሮውን በር እቀረቅርና፣ ሕፃኗን አስተኝቼ፣ ሥዕሉን እያየሁ እሠራለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ። ለእሱም አልነገርኩትም። አፍሬ ነው... ደስ ስላለኝም ነው።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት አጠገብ አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ለቀም አደረገኝ። አልጮኽኩም። እንደለመድኩት ሳብኩት። ሰውዬው በአፍጢሙ ድንጋይ ላይ ተደፋ፤ ሲነሳ አፉ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ሮጬ ቤቴ ገባሁ። የፈራሁት እሱን አልነበረም። በዚህ አገር ሰው ከደማ ሽማግሌ ይመጣል፤ የዚያ ወገንና የዚህ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጨርሱታል። እኛ ደግሞ መጤዎች ነን፤ በእኛ በኩል የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ የለንም። «ይቺ ሴትዮ ይህን ከየት ተማረች?» ብለው መጥተው መጽሐፉን ቢያገኙትስ... ብዬ ከሰል ምድጃው ላይ ገጽ በገጽ አቃጠልኩት።

ማንም አልመጣም።

ጀማል መጽሐፉን ሲያጣው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ቤታችን የዋለው፣ እንደ እኛው ለሥራ የመጣው ታላቅ ወንድሙ አብዱልቃድር ነበር። «አውሰኝ» እያለ ሲለምነው ከርሟል። ጀማል በሰው ፊት ሌባ አለው። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር... መቅዳቴን ቀጠልኩ። ሁለት ረመዳን ወንድማማቾቹ አብረው ሳያፈጥሩ አልፎ፣ ጀማል ታሞ ሞተ። ጀናዛውን ከፊት የተሸከመው አብዱልቃድር ነው።

ከዚያ በኋላ ፊደል ራሴን አስተማርኩ። ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር፣ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ማንበብ ግን ያንን ሻይ አላስረሳኝም።

ትናንት አብዱልቃድር መጣ። እንደ ወጉ በሩ ተከፍቶ፣ እሱ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ኢክራም አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስልኳ ላይ ሴቶች ካራቴ ሲሠሩ ስታይ ውላ ታድራለች። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር አንዲት ሴት ለሴቶች ብቻ ማሠልጠን ጀምራለች። ለመመዝገብ አባት ለሌላት ልጅ የአጎት ፊርማ ይፈለጋል።

«አልፈርምም» አለ።

«አጎቴ፣ ወንድ እኮ የለበትም!»

«አቦ ተይኝ! ይሄ ካራቴ የምትሉት ነገር ከወንድሜ ለይቶኛል፤ አንዴ ይበቃል። ይሄን ሁሉ ያመጣው ስልኩ ነው። ዘሃራ፣ ስልኳን ተቀበያት።»

ኢክራም ወረቀቱን አጣጥፋ ልትገባ ስትል፣ «ስልኩ አይደለም፤ በደሟ ነው» አልኩ።

«የጀማል ደም ነዋ!»

«የእኔ።»

ሳቀብኝ። «ያንቺ? ስትናገሪ ለመስማት እንኳ ሰው ጆሮውን ማቅናት አለበት!»

ተነሳሁ። እሱን መንካት አይገባኝም፤ ኢክራምን «እጄን ያዢኝ፤ አጥብቂ» አልኳት። ያዘችኝ። ሳብኳት። ፀሐይ ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ በግንባሯ ሄደች።

ቀና ስትል በሳቅ ልትሞት ነው። «እማ! ይሄ እኮ ቡጢ ነው... ግን የተገለበጠ! ከወገብ ተነስቶ የሚወረወረውን፣ ከተዘረጋ ጀምረሽ ወደ ወገብሽ ትመልሺዋለሽ። ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

ያኔ ገባኝ። «ያ አላህ! ሥዕሎቹን እንደ ቁርአን ከቀኝ ወደ ግራ ነበራ የማያቸው!» አልኩ። ካራቴን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተምሬዋለሁ።

አብዱልቃድር አልሳቀም። «የትኞቹን ሥዕሎች ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «ዘሃራ... የትኛው መጽሐፍ?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ሻዩን ሳይቀር። የያዘውን የሻይ ብርጭቆ መሬት አስቀመጠ።

«እናቴ ሌባ መስያት እስከ ዛሬ ቤቷ ስገባ ሳጥኗን ትቆልፋለች። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ አውፍ አልልሽም፤ ይቅርታዬን አትጠብቂ።»

«አትበለኝ» አልኩት። ድምፄን ለመስማት ጆሮውን ማቅናት አላስፈለገውም። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምትለኝን እሰማለሁ። ልጄ ግን በእኔ ጥፋት አትቀጣም። እኔ በር ቀርቅሬ ተማርኩ፤ ሰው ሲይዘኝ ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ መሰለኝና እሳት አነደድኩ። እሷ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው እያያት ትማራለች። ፈርም።»

አየኝ። ከዚያ እጁን ወደ ኢክራም ዘረጋ። «እስክሪብቶ አምጪ።»

ፈረመ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ለእናቴ ጻፊላት» አለ። «በገዛ እጅሽ።»

ጻፍኩ። እናንተ እዚህ አነበባችሁት፤ ወረቀቶቹ ግን ነገ በሚነሳው መኪና ድሬዳዋ ይሄዳሉ፤ ለአማቴ ለአዴ ፋጡማ። የሚያነብላቸው ሰው አደራ... እንባቸውን ሲጨርሱ መጨረሻውን ደግሞ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፦ ልጅዎ ሌባ አልነበረም፤ የልጅ ልጅዎም ቅዳሜ ሥልጠና ትጀምራለች።