እጀታውን ብቻ

«እጀታውን ብቻ ነው ልደቴ፤ ባልሽ ሌላውን ንክች እንዳያደርግብኝ። ጽሑፉ የአሊዪ ነው» ብላኝ ነበር ጁሀራ። በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችውን የሟች ባሏን የአሊዪን የቁርአን መማሪያ ሰሌዳ፣ ሉሁን፣ ይዛ ደጃፌ ቆማ። እኔ ልብስ እያጠብኩ እጄ በሳሙና ተለቅልቋል። «እሺ፣ እሺ፣ እዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጪው» አልኳት። አንድ ዓመት ሙሉ ይቺን «እሺ» ሳላስታውስ ያደርኩበት ቀን የለም።

ባለቤቴን ኃይለልዑልን ሮቤ ላይ የማያውቀው የለም፤ አናጢ ነው። አባቱ ጎባ ውስጥ የቢሮ ጠረጴዛ ሲሠሩ ኖረው ሞቱ። እሱ መጋዝና መላጊያውን ተሸክሞ ወደ ሮቤ ወረደ፣ እኔን አገባ፣ ያው እዚሁ ቀረን። አንድ አመል አለው፦ የሰጡትን ዕቃ እንደሰጡት መመለስ አያውቅም። የወንበር እግር አጥብቅልኝ ብላችሁ ብትሰጡት፣ እግሩን አጥብቆ፣ መቀመጫውን አለስልሶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ነው የሚመልስላችሁ። «ማን ጠየቀህ?» ስለው «አስቀያሚ ነገር ከእጄ አይወጣም» ይለኛል። ስንቴ ተጣላን በዚህ!

እንጨት ሲያለሰልስ ብታዩት! የብርጭቆ ወረቀቱን በእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልሎ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ግማሽ ቀን ይፈገፍጋል። ከዚያ ይጠራኝና ሻሼን ከራሴ ላይ መንጭቆ እንጨቱ ላይ ይጎትተዋል። ክር ከያዘ ገና ነው፤ እንደገና ይጀምራል። ስንት ሻሽ እንደጨረሰብኝ እግዜር ይቁጠረው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲል ቀኝ ትከሻው አለቀ። ሐኪሙ «ይህን ሥራ ተው» አለው። ማን ሊተው!

ድሪሉ የመጣው ያኔ ነው። እሱ «ትራፓኖ» ነው የሚለው። ዲኖ የሚባል ብረት በያጅ ጓደኛው አሳየው፤ መብሻውን ነቅሎ በቦታው ክብ ጎማ ይሰካል፣ ጎማው ላይ ክብ የብርጭቆ ወረቀት ይለጥፋል፣ ከዚያ ያሽከረክረዋል። መጀመሪያ ሰሞን ጉድ ፈላ። ትንሽ ከተጫነው እንጨቱን እየጋጠ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል። ጭረቱ እንዲሁ ሲያዩት የለም፤ ቫርኒሽ ሲነካው ነው ቁልጭ የሚለው። አንድ የሙሽራ አልጋ እንዲህ አበላሽቶ ሦስት ቀን ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሰነበተ። በኋላ እጁ ለመደው። ሳይጫን፣ ትንሽ አጋደል አድርጎ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆም። ከለመደውማ ማን ይቻለው! የመጥረጊያዬን እንጨት፣ የሙቀጫዬን ዘነዘና፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ ያገኘውን ሁሉ አለሰለሰው።

«እኔንስ መቼ ነው የምታለሰልሰኝ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንቺንማ ትራፓኖውም አይችልሽ» አለኝ። እንዲህ እንሳሳቅ ነበር።

የጁሀራ ባል አሊዪ ጎረቤታችን ነበር፤ የኃይሌ የልብ ጓደኛ። በገሰራና በሮቤ መካከል እህል የሚያመላልስ ሾፌር። በልጅነቱ ቁርአን ሳይቀራ ስላደገ ሲያፍር ኖሮ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ላይ ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብሎ መማር ጀመረ። ሉሁን፣ ያንን በቀለም እየጻፉ የሚቀሩበትን ሰሌዳ፣ ከዋንዛ የሠራለት ኃይሌ ነው፤ ያኔ ትከሻው ደህና ነበርና በእጁ ነው ያለሰለሰው። አሊዪ ከሥራ ሲመለስ ደጃችን ጎራ እያለ የጻፈውን ያሳየን ነበር። ፊደሉ ትልልቅ፣ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ የተንጋደደ። «ኦቦ ኃይሌ፣ እየው! ወላሂ፣ ዛሬ አንድ መስመር ሙሉ!» ትምህርቱን ሲይዘው ሉሁ ይታጠባል፣ ሌላ ይጻፍበታል። ይህን ስንት ጊዜ አይተናል፤ ኃይሌም ያውቃል።

አሊዪ ታመመና በአሥራ አምስት ቀኑ ሞተ። የመጨረሻውን ጽሑፍ ግን ማንም አላጠበውም። ጁሀራ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ሁለት ዓመት፣ ሚስማሩ ተነቅሎ ወድቆ እጀታው እስኪሰበር ድረስ። ከእሱ እጅ የቀራት ያ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን ጁሀራ እንደወጣች መብራት መጣ። ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ኃይሌ «ሳይጠፋ! ሳይጠፋ!» እያለ እየሮጠ ገባ። ጥቅሉን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአሊዪ ሉህ ነው፤ ተሰብሯል፣ አስተካክልላት» አልኩት።

በቃ። ይህችን ብቻ። ምላሴን ምን ያዘው? «እጀታውን ብቻ» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?

እጀታውን በኮላና በሁለት ብሎን አሰረው። ከዚያ ድሪሉ ሲጮህ ሰማሁ። ልብሴን እያሰጣሁ ሰማሁት እኮ፣ እናንተዬ! ጸጥ ሲል ገብቼ ሰጋቱራውን ጠረግኩ፤ ያን ቡናማ የእንጨት ብናኝ እንደ ልማዴ ደጃፉ ጭቃ ላይ በተንኩት፣ እንዳያዳልጥ ብዬ። ስመለስ ሻሼን መንጭቆ ሉሁ ላይ ጎተተው። አንድ ክር አልያዘም። እንጨቱ አሊዪ የወሰደው ዕለት እንደነበረው ሆኗል።

«አሁን ወንድሜ ደስ ይለዋል» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። «ኃይሌ፣ ጽሑፉ እንዳይነካ ብላኝ ነበር እኮ» አልኩት። ድሪሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። «ምነው ሳትነግሪኝ?» እንኳ አላለኝም። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጁሀራ መጣች። ጨርቁን ገለጠች። ሉሁን አገላበጠችው፣ ጀርባውንም አየች፣ እንደገና ፊቱን አየች። «የት ሄደ?» አለች፣ ልጅ እንደጠፋባት ሰው።

አፌን ስከፍት ኃይሌ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ጁሀራ። ልደት ነግራኝ ነበር። እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው።»

ውሸት! ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔስ? እኔማ ዝም አልኩ።

ጁሀራ ሉሁን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። «ብናኙስ?» አለች። «ቃሉ አለበት፣ አይረገጥም። ወስጄ እቀብረዋለሁ።»

እግሯን አየሁ። ቡናማው ሰጋቱራ ከጭቃው ጋር ጫማዋ ላይ ተለጥፏል። ወይ እኔ! ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«አስቀምጬልሻለሁ» አልኳት። ጓሮ ዞሬ ሰጋቱራ ከማጠራቅምበት ጆንያ የበሩ መቀርቀሪያ ሲለሰልስ የወጣውን ዘገንኩ፣ በላስቲክ ቋጥሬ ሰጠኋት። የዝግባ ነበር፤ ነጣ ያለ። በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ ግንባሯ ላይ አስነካችው። ኃይሌ አየው። ዝግባና ዋንዛ የሚምታታበት ሰው አይደለም። አንገቱን ደፋ። እሷም ወስዳ አሊዪ መቃብር አጠገብ ቀበረችው።

ይኸው ዓመት ሆነው። ድሪሉ ከመስኮቱ ሥር አቧራ ለብሷል። ኃይሌ አሁንም ይሠራል፤ ግን ያሉትን ብቻ ነው። የወንበር እግር ካሉት የወንበር እግር። «አንተ» ስትለው የኖረችው ጁሀራ «እርስዎ» ትለዋለች። «ደህና አደሩ?» ብላ መሬት መሬት እያየች ታልፋለች። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ወደ እንጨቱ ይዞራል። ስንት ጊዜ ልነግራት ተነሳሁ! «ተይ፣ ብናኙንም ልትነጥቂያት ነው?» ይለኛል።

እኔን ግን ታቅፈኛለች። ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ለእህቷ ለዙቤዳ አሳየችኝ። «ይቺ ባትኖር ኖሮ ብናኙ እንኳ አይተርፈኝም ነበር» አለቻት።

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ» አልኳት።